አርባ ዓመት በአንድ ወንበር፦ የአማዴውስ ኳርቴት ታሪክ

በለንደን ዊግሞር ጎዳና ላይ ያለው የሙዚቃ አዳራሽ በ1901 ሲከፈት ስሙ ቤክስታይን አዳራሽ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያሠራው የጀርመኑ ፒያኖ አምራች ቤክስታይን ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ግን የጀርመን ስም በለንደን የሚጠላ ስም ሆነ። አዳራሹ የጠላት ንብረት ተብሎ ተያዘ፤ በ1916 በሐራጅ ሲሸጥ ዴበንሃምስ የተባለው ትልቅ መደብር በ56,500 ፓውንድ ገዛው። በዓመቱ ስሙ ተለውጦ ዊግሞር አዳራሽ ተባለ። 550 ያህል ሰው ብቻ የሚይዝ ቤት ቢሆንም፣ በድምፁ ጥራት የተነሳ ስም ማትረፍ የሚፈልግ ሙዚቀኛ ሁሉ የሚመኘው መድረክ ሆነ።

ጃንዋሪ 10 ቀን 1948 እዚህ መድረክ ላይ አራት ወጣቶች መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ። ቡድናቸው አማዴውስ ኳርቴት ይባላል። የመጀመሪያው ቫዮሊን ኖርበርት ብሬይኒን፣ ሁለተኛው ቫዮሊን ዚግመንድ ኒሰል፣ ቪዮላው ፒተር ሺድሎፍ፣ ቼሎው ማርቲን ሎቬት ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት የብሪታንያ መንግሥት «የጠላት አገር ዜጎች» ብሎ በሽቦ አጥር ውስጥ ያጎራቸው ስደተኞች ናቸው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እነዚሁ አራት ሰዎች ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ሳይጎድል፣ አንድም ሰው ሳይተካ እስከ 1987 አብረው ተጫወቱ። ወደ 4,000 የሚጠጋ ኮንሰርት አቀረቡ፤ 200 ያህል ሥራዎችንም ለሸክላ ቀረጹ።

አብሮ መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ቁጥር በቀላሉ አያልፈውም። ኦርኬስትራ መሪ አለው፤ ተጫዋቾቹ ባይስማሙም ዱላውን ያያሉ። ኳርቴት ግን መሪ የለውም። አዝማሪ በመሲንቆው አንድ አውታር ዜማውንም ምላሹንም ብቻውን ያወጣዋል፤ በኳርቴት ይህ ሥራ በ16 አውታር ለአራት ሰው ይከፋፈላል። የት እንደሚተነፈስ፣ የት እንደሚፈጠን፣ ማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማንን እንደሚያስቀድም የሚወሰነው በልምምድ ክፍል ውስጥ፣ በክርክር ነው። በመድረክ ላይ ደግሞ በዓይንና በትንፋሽ ብቻ ይግባባሉ። ተመልካች የሚያየው ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በስተጀርባ ግን ባቡሩ፣ አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ የገንዘብ ክፍፍሉና የየቤተሰቡ ጣጣ አለ።

ይህ የሙዚቃ ዓይነት ሥሩን የሰደደው በቪየና ነው። ዮሴፍ ሃይድን በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ መጻፍ ጀምሮ በዕድሜው ማብቂያ 68 ኳርቴቶችን አበረከተ። ሞዛርት 23፣ ቤትሆቨን 16፣ ሹበርት 15 ጨመሩበት። በኋላም ብራምስ ሦስት አከለ። ሁሉም በዚያችው ከተማ ኖረዋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ቪየና ውስጥ ቫዮሊን የሚማር ልጅ እነዚህን ሥራዎች እንደ አገሩ ወግ ነበር የሚወርሳቸው።

ብሬይኒን በዚያች ከተማ ማርች 12 ቀን 1923 ተወለደ። ሺድሎፍ ከቪየና ብዙም በማትርቀው ጎለርስዶርፍ በ1922 ተወለደ። ኒሰልም በዚያው ዓመት ሙኒክ ውስጥ ቢወለድም ወላጆቹ የቪየና ሰዎች ነበሩ፤ እሱም ያደገው እዚያው ነው። ሦስቱም አይሁዳውያን ናቸው። ማርች 12 ቀን 1938፣ ብሬይኒን 15 ዓመት በሞላው ዕለት፣ የሂትለር ጦር ድንበሩን ተሻግሮ ኦስትሪያን ያዘ። በቀናት ውስጥ አይሁዳውያን ከሥራ፣ ከትምህርት ቤትና ከሙዚቃ መድረክ ይባረሩ ጀመር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ውስጥ ምኩራቦች ከተቃጠሉና ሱቆች ከተዘረፉ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት ወላጅ ያላስከተሉ ልጆችን ለመቀበል ተስማማ። ኪንደርትራንስፖርት ተብሎ በሚታወቀው በዚህ ጉዞ ጦርነቱ እስኪጀመር ድረስ 10,000 ያህል ልጆች ብሪታንያ ገቡ። ኒሰልና ሺድሎፍ ከነዚህ ልጆች መካከል ነበሩ። ብሬይኒንም በ1938 ለንደን ደርሶ በዘመኑ ከታላላቅ የቫዮሊን መምህራን አንዱ ከነበረው ከካርል ፍሌሽ፣ ኋላም የፍሌሽ ደቀ መዝሙርና ረዳት ከነበረው ከማክስ ሮስታል መማር ጀመረ።

መጠጊያው ግን ብዙም ሳይቆይ ተናጋ። በ1940 የጀርመን ጦር ቤልጅየምንና ሆላንድን ጥሶ ፈረንሳይን ሲያንበረክክ፣ ብሪታንያ ውስጥ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሁሉ ሰላይ ይሆናል የሚል ፍርሃት ነገሠ። ከናዚ ያመለጠውንም፣ ናዚን የሚደግፈውንም ሳይለዩ 27,000 ያህል ሰዎችን ሰበሰቡ። ከፊሎቹ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ተጫኑ፤ ጁላይ 2 ቀን አራንዶራ ስታር የተባለችው መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ስትሰጥም ከ800 በላይ ሰዎች አለቁ።

ፕሪስ ሂዝ በእንግሊዝ ምዕራብ፣ ሽሮፕሻየር ውስጥ ያለ ሜዳ ነው። በ1940 በጋ ያ ሜዳ በድንኳን ተሸፍኖ የታሳሪዎች ካምፕ ሆነ። ብሬይኒንና ሺድሎፍ የተገናኙት እዚያ ነው። ሺድሎፍ ከዚያ ወደ ማን ደሴት ተዛወረ፤ እዚያ ደግሞ ኒሰልን አገኘ። በሰላሙ ጊዜ መዝናኛ በነበረችው በዚህች ደሴት ላይ በባሕሩ ዳርቻ ያሉት የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች በሽቦ ታጥረው ነበር። ውስጣቸው የገቡት ፕሮፌሰሮች፣ ሠዓሊዎች፣ የሕግ ሰዎችና ሙዚቀኞች ናቸው። ታሳሪዎቹ ራሳቸው ትምህርት ይሰጡ፣ ኮንሰርት ያዘጋጁ ነበር። የቪየናው አቀናባሪ ሃንስ ጋል በመጀመሪያ በታሰረበት በሃይተን ካምፕ የተገኙት መሣሪያዎች ዋሽንትና ሁለት ቫዮሊን ብቻ ስለነበሩ ለነሱ የሚሆን ሥራ ጻፈ፤ «የሃይተን ስዊት» ብለው ዛሬም ይጫወቱታል። ኋላ ታዋቂ የሙዚቃ ሐያሲ የሆነው ሃንስ ኬለርም በማን ደሴት ከታሰሩት ወጣቶች አንዱ ነበር። የሱ ስም ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ከአማዴውስ ጋር እንደገና ይገናኛል።

ታሳሪ ሙዚቀኞችን ለማስፈታት በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ታዋቂው እንግሊዛዊ አቀናባሪ ራልፍ ቮን ዊሊያምስ ነበር። ሦስቱ ወጣቶችም በየተራ ተለቀው ለንደን ተገናኙ። ጦርነቱ አላበቃምና እንጀራቸው የጦር ጊዜ ሥራ ሆነ፤ ብሬይኒን የፋብሪካ ማሽን ሠራተኛ ነበር። ቫዮሊናቸውን የሚያነሱት ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው። በዚህ ጊዜ ማክስ ሮስታል ያደረገላቸው ነገር በታሪካቸው ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አለው። እሱ ራሱ በ1934 ከበርሊን የተሰደደ ሰው ሲሆን፣ እነዚህን ባዶ እጅ የሆኑ ልጆች ያለ ክፍያ አስተማራቸው።

የሮስታል ትምህርት ድምፃቸውንም ወሰነው። ሦስቱም ከአንድ መምህር የተማሩ በመሆናቸው የደጋን አያያዛቸው፣ የግራ እጅ ጣት አጣጣላቸው፣ ቪብራቶ የሚባለው ድምፅን የሚያርገበግበው የጣት ንዝረት አንድ ዓይነት ሆነ። ሌሎች ኳርቴቶች ለዓመታት ለፍተው የሚያመጡትን ተመሳሳይነት እነዚህ ቡድን ሳይሆኑ በፊት ይዘውት ነበር።

ሦስቱም ግን ቫዮሊን ተጫዋቾች ናቸው፤ ኳርቴት ደግሞ ቪዮላና ቼሎ ይፈልጋል። ሺድሎፍ ከቫዮሊን ወደ ቪዮላ ተሻገረ። ቪዮላ በመጠን ሰፋ፣ በድምፅ ወፈር ያለ መሣሪያ ነው፤ በዚያ ዘመን ቫዮሊን አልሳካ ያለው ሰው የሚሄድበት ተደርጎ ይታይ ነበር። በሺድሎፍ እጅ ግን የቡድኑ ማዕከል ሆነ። ቼሎው የተገኘው በሱዛን ሮዛ በኩል ነው። እሷ በቪየና ያደገች የሃንጋሪ ተወላጅ ቫዮሊኒስትና የሮስታል ተማሪ ስትሆን፣ ማርቲን ሎቬትን አስተዋወቀቻቸው፤ በኋላም ሚስቱ ሆነች። በ1927 ለንደን ውስጥ የተወለደው ሎቬት የሮያል ሙዚቃ ኮሌጅ ተማሪ ነበር። በዕድሜ ከሁሉም ያንሳል፤ ካምፕ ያላየውም እሱ ብቻ ነው።

በ1947 በጋ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን በሚገኘው ዳርቲንግተን ሆል የብሬይኒን ኳርቴት ተብለው ተጫወቱ። በዚያ የሙዚቃውን ክፍል የምትመራው የአቀናባሪው የጉስታቭ ሆልስት ልጅ ኢሞጀን ሆልስት ነበረች። ስትሰማቸው ነገሩ ገባት፤ በለንደን ለሚያቀርቡት የመጀመሪያ ትልቅ ኮንሰርት ገንዘብ የሰጠችው እሷ ናት። ስሙ ግን መለወጥ ነበረበት፤ አራት እኩል ሰዎች በአንዱ ስም ሊጠሩ አይገባም። ከሞዛርት መካከለኛ ስም «አማዴውስ»ን ያመጣው ኒሰል ነው። የዊግሞሩ ኮንሰርት ካለፈ በኋላ የሬዲዮ ጥሪው፣ የጉዞ ግብዣው ተከታተለ።

ዕድልም ረዳቸው። አማዴውስ በተነሳበት በዚያው በ1948 ዓለም አዲሱን ሸክላ አየ፤ በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን፣ በአንድ ፊቱ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚይዘውን። የቀድሞው፣ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ፊት ከአራት አምስት ደቂቃ አያልፍም ነበር። ይህ ለዘፈን አይጎዳም፤ ለኳርቴት ግን መከራ ነው። የቤትሆቨን ኦፐስ 131 ሰባት ክፍሎቹ ሳይቋረጡ 40 ደቂቃ ያህል ይፈሳሉ፤ በአሮጌው ሸክላ አድማጭ በየአራት ደቂቃው እየተነሳ መገልበጥ ነበረበት። አዲሱ ሸክላ ኳርቴትን በየሰው ቤት አስገባ። አማዴውሶችም በመጀመሪያ ኤችኤምቪና ዌስትሚኒስተር ለተባሉት ኩባንያዎች ሲቀርጹ ቆይተው፣ በ1959 ለጀርመኑ ዶይቸ ግራሞፎን ፈረሙ። እስከ 1963 ባሉት ዓመታት የቤትሆቨንን ኳርቴቶች በሙሉ ቀረጹ። ቀጥሎ የሞዛርት መጣ፤ የሹበርት፣ የብራምስና የሃይድን ሥራዎችም ተከተሉ። የዶይቸ ግራሞፎን ቢጫ ምልክት ያለበት ሸክላ በደረሰበት ቤት ሁሉ ስማቸውም ደረሰ።

ጀርመን ሄዶ መጫወት፣ ከጀርመን ኩባንያ ጋር መፈረም ለነዚህ ሰዎች ተራ ነገር አልነበረም። ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈዋል፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ትናንት ምን ሲሠራ እንደነበር አይታወቅም። የሄዱት ግን የራሳቸውን ሙዚቃ ይዘው ነው። ናዚዎች የሃይድንና የቤትሆቨን ወራሾች እኛ ብቻ ነን ብለው ነበር፤ ከቪየና ያባረሯቸው ልጆች ተመልሰው ያንኑ ሙዚቃ ለጀርመን አድማጭ ሲያሰሙ፣ አድማጩም ሲቀበላቸው፣ ያ ክርክር ያለ ንግግር ተዘጋ። ኋላ የጀርመን ፌዴራል ሪፐብሊክ ከፍተኛ የክብር ኒሻን ሰጣቸው፤ ኦስትሪያም የሳይንስና የጥበብ የክብር መስቀሏን አበረከተች። በሽቦ ያጠረቻቸው ብሪታንያም አራቱን የኦቢኢ ኒሻን ሸለመቻቸው።

ሥራው ግን በኒሻን አይለካም። 4,000 ኮንሰርት ለ40 ዓመት ሲካፈል በዓመት 100 ይመጣል። ብሬይኒን በመድረክ ላይ ስሜቱ የመራውን የሚከተል ሰው ነበር፤ አንድን ሐረግ ዛሬ የተጫወተበት መንገድ ነገ አይደገምም። ሌሎቹ እዚያው በዚያው ሊከተሉት ይገባል። የቡድኑን ውል፣ ጉዞና ሂሳብ የሚይዘው ኒሰል ነበር፤ ግጭት ሲነሳም የሚያበርደው እሱ ነው። ሁለተኛ ቫዮሊን በኖታ ላይም ይህንኑ ይመስላል። የመጀመሪያው ዜማውን ይዞ ሲበር፣ ሁለተኛው ከቪዮላው ጋር መሃሉን ይሞላል፣ ምቱን ይጠብቃል፣ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ይወጣል። አድማጭ ብዙ ጊዜ ስሙን አያስታውሰውም፤ ሲጎድል ግን ሁሉም ይሰማዋል።

ሺድሎፍ ይጫወትበት የነበረው ቪዮላ የራሱ ታሪክ አለው። አንቶንዮ ስትራዲቫሪ በ1719 ክሬሞና ውስጥ የሠራው «ማክዶናልድ» የተባለ መሣሪያ ነው። ስትራዲቫሪ ከሠራቸው ቫዮሊኖች ብዙ መቶዎች ዛሬም አሉ፤ ቪዮላዎቹ ግን አሥር ያህል ብቻ ናቸው። ሺድሎፍ በ1964 ያገኘው ይህ ቪዮላ በ2014 ለጨረታ ሲቀርብ መነሻው 45 ሚሊዮን ዶላር ተባለ፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛው አልተገኘም። በአማዴውስ ቀረጻዎች ውስጥ ያ ወፍራምና ሞቃት የመሃል ድምፅ ከዚህ እንጨት የወጣ ነው፤ ሺድሎፍ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ቀረጻዎችም ላይ ያንኑ ድምፅ ያሰማል።

የሚነቅፏቸውም ነበሩ። አንዳንድ ሐያስያን ቪብራቶው በዛ፣ ጣፋጩ ከልክ አለፈ ይሉ ነበር። ሌሎች ደግሞ በቪየና ጥንታውያን ላይ ተጣብቀው የዘመናቸውን ሙዚቃ ችላ አሉ ብለዋል። ሁለተኛው ነቀፌታ እውነት አለው። ባርቶክን ተጫውተዋል፤ ጥቂት የብሪታንያ አቀናባሪዎችንም እንዲሁ፤ ማዕዳቸው ግን ከሃይድን እስከ ብራምስ ያለው ነበር። በዘመኑ ሌሎች ኳርቴቶች የሾንበርግንና የተከታዮቹን ሥራዎች ሲያስተዋውቁ እነሱ በዚያ መንገድ አልሄዱም። ይሁንና አንድ አዲስ ሥራ በነሱ እጅ ተወለደ፤ ከክፍለ ዘመኑ ኳርቴቶች ሁሉ ከሚጠቀሱት አንዱም ሆነ።

ቤንጃሚን ብሪተን በ1975 መገባደጃ የልብ ሕመም አድክሞት ነበር። ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ወደ ኳርቴት ተመልሶ ሦስተኛውን ለአማዴውስ ጻፈ። የመጨረሻውን ክፍል የጨረሰው በቬኒስ ነው፤ ርዕሱም የዚያች ከተማ የክብር ስም «ላ ሰረኒሲማ» ነው፤ ከኦፔራው «ሞት በቬኒስ» የተወሰዱ ሐሳቦችም ገብተውበታል። የሥራውን መታሰቢያነት የሰጠው በማን ደሴት ታስሮ ለነበረው ለሃንስ ኬለር ነበር። ስለዚህም በሥራው ዙሪያ በ1940 የታሰሩት ወጣቶች እንደገና ተገናኙ፤ አንዱ በመታሰቢያው ገጽ፣ ሦስቱ በተጫዋችነት። በ1976 ሴፕቴምበር አማዴውሶች አልደብራ ወደሚገኘው የብሪተን ቤት ሄደው ተጫወቱለት። እሱም ሰማ፤ አስተያየቱን ሰጠ። ዲሴምበር 4 ቀን አረፈ። ዲሴምበር 19 ቀን በስኔፕ ሞልቲንግስ አዳራሽ ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቀረበ።

የመጨረሻው ክፍል ባሱ አንድን ሐረግ እያመላለሰ፣ ላይኞቹ ድምፆች በላዩ እየዘመሩ የሚሄድ ዝግ ያለ ሙዚቃ ነው። ሲያበቃ አያርፍም፤ መልስ ሳይሰጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ፍጻሜ ያለ ግነት ለመጫወት አራቱ ሰዎች በአንድ ልብ መተንፈስ አለባቸው። አማዴውሶች በዚያን ጊዜ 29 ዓመት አብረው ነበሩ።

ከ1978 ጀምሮ አራቱም በኮሎኝ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ማስተማር ያዙ፤ በ1986 የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ተጨመረ። ወጣት ኳርቴቶች እየመጡ የሚማሩት ከአንድ መምህር ሳይሆን ከቡድኑ ነበር።

ኦገስት 16 ቀን 1987 ፒተር ሺድሎፍ በልብ ድካም በድንገት ሞተ። ዕድሜው 65 ነበር፤ ቡድኑ 40 ዓመት የሞላው በዚያው በጋ ነው። ሦስቱ ቀሪዎች ተተኪ አልፈለጉም። አማዴውስ ኳርቴት አበቃ አሉ፤ አበቃም።

ይህ ውሳኔ ብርቅ ነው። ቡዳፔስት ኳርቴት በ1917 በአብዛኛው በሃንጋሪያውያን ተመሥርቶ፣ ሰው በሰው እየተተካ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ አራቱም ሩስያ ተወላጆች ሆነው ነበር፤ ስሙ ግን ቡዳፔስት እንደሆነ ቀረ። በ1946 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ጁልያርድ ኳርቴት ከመሥራቾቹ አንድም ሳይኖርበት እስከ ዛሬ ይጫወታል። የሞስኮው ቦሮዲን ኳርቴት በ1945 ሲጀመር ቼሎ ይዞ የተቀመጠው ቫለንቲን ቤርሊንስኪ እስከ 2007 ዘለቀ፤ በዙሪያው ያሉት ግን ተለዋወጡ። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ ቡድኖች ናቸው። ለነሱ ኳርቴት ወግ ያለው ቤት ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ገብቶ ወጉን ይቀጥላል። በዚህ መንገድም ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል።

አማዴውሶች ያን መንገድ ያልመረጡበት ምክንያት ከታሪካቸው ይነበባል። ሌላ ኳርቴት ሰው ሲፈልግ ያወዳድራል፤ ፈተና ይሰጣል፤ የተሻለውን ይቀጥራል። እነሱን የሰበሰባቸው ስደት፣ እስር፣ ያለ ክፍያ ያስተማራቸው አንድ መምህርና አንዲት ወዳጅ ናቸው። ሺድሎፍ ቪዮላ ያነሳው እነዚህን ሰዎች ስላገኘ ነው። የሱን ወንበር የሚሞላ ጎበዝ ቪዮላ ተጫዋች በ1987 ዓለም ላይ አልጠፋም ነበር። ሆኖም ያ ሰው ቢቀመጥ አዲስ ኳርቴት ይፈጠራል እንጂ አማዴውስ አይቀጥልም፤ ሦስቱ ይህን ያውቁ ነበር። ገቢውም፣ ዝናውም፣ የተያዙት ኮንሰርቶችም ሐሳባቸውን አላስለወጧቸውም።

ማስተማሩን ግን አልተዉም። ሦስቱም በለንደንም በሌሎች አገሮችም ወጣት ቡድኖችን ማሠልጠን ቀጠሉ። ብሬይኒን በ2005፣ ኒሰል በ2008 አረፉ። ሎቬት የመጨረሻው ሆኖ ቆይቶ፣ በኮሮና ወረርሽኝ የመጀመሪያ ወራት፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2020 በ93 ዓመቱ አረፈ።

ሙዚቃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት ለሚፈልግ ሰው መግቢያው ብዙ ነው። የብራምስን የመጀመሪያ የፒያኖ ኳርቴት ብሬይኒን፣ ሺድሎፍና ሎቬት ከሶቪየት ኅብረቱ ፒያኒስት ከኤሚል ጊለልስ ጋር ተጫውተውታል፤ የመጨረሻው ክፍል የጂፕሲ ጭፈራ ሲሆን ጊለልስና ብሬይኒን እሳት ሲጫጫሩ ይሰማል። የሞዛርት ኩዊንቴቶች ሁለት ቪዮላ ይፈልጋሉ፤ ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሴሲል አሮኖዊትስ ከሺድሎፍ አጠገብ ተቀምጦ የቀረጻቸው ሸክላዎች የመሃል ድምፅ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ያሳያሉ። ጊዜ ያለው ሰው ግን በሹበርት የሲ ሜጀር ኩዊንቴት ይጀምር። ሁለት ቼሎ ያለበትን ይህን ሥራ አማዴውሶች በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከዊሊያም ፕሊዝ ጋር፣ በ1960ዎቹ እንደገና ከሱው ጋር፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ከወጣቱ ሮበርት ኮኸን ጋር ቀርጸውታል። ሦስቱን አከታትሎ ሁለተኛውን፣ ዝግ ያለውን ክፍል ብቻ ማድመጥ ይበቃል። በየቀረጻው የሚለዋወጠው እንግዳው፣ የቀረጻ ጥበቡና የተጫዋቾቹ ዕድሜ ነው፤ የቀሩት አራት ወንበሮች ላይ ያሉት ያው ብሬይኒን፣ ኒሰል፣ ሺድሎፍና ሎቬት ናቸው።